የተቆረሰው ዳቦ፦ ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ውስን ሀብት ለወጣቶች ምን አስተማርን?

በማኅበራዊ ሳይንስ ፋኩልቲ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ንግግሬን በአንድ የልጅነት ትዝታ ልጀምር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ሣለልን። መጀመሪያ ለሁለት ልጆች ከፈለው፤ ቀጥሎ ለአራት፤ ከዚያም ለስምንትና ለዐሥራ ስድስት። ቁራሹ ከጣት በቀጠነ ጊዜ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ዓለም ማለት ይህች ናት፤ ሕዝቡ ይበዛል፣ ዳቦው ግን ያው አንድ ነው» አለን። ከዚያም ወላጆቻችን ከአምስት በላይ ልጆች ያሏቸው እንደሆነ እጃችንን እንድናወጣ ጠየቀን። እኔ ለእናትና ለአባቴ ሰባተኛ ልጅ ነኝ። እጄን አወጣሁ። በዚያች ቅጽበት የተማርሁት ስለ ዓለም ሀብት አልነበረም፤ በዚህ ዓለም ላይ ትርፍ ሆኜ መወለዴን ነበር።

ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ትምህርት ሌላ ነበር። ታናሼ በተወለደ ጊዜ እናቴን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶች ሁሉ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ይህ አባባል ያጽናናል፤ ነገር ግን ስለ ማሳ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ እናቴም ጤና የሚነግረን አንዳች ነገር የለውም። ትምህርት ቤቱ ፍርሃትን፣ ቤቱ ደግሞ ዕድልን አስተማረኝ። አንዳቸውም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አላስረዱኝም።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ መምህራን ትሆናላችሁ፤ ያንኑ ሰሌዳ ትወርሳላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የሕዝብ ቁጥርን ታሪክ ብቻ አይደለም። የዚያን የሰሌዳ ላይ ሥዕል ታሪክ ነው፤ ከየት መጣ? ማን አስተማረው? የተማሩትስ ሥልጣን በያዙ ጊዜ ምን አደረጉበት?

የመጀመሪያው ክፍል

ቶማስ ሮበርት ማልተስ የሕዝብን ብዛት የሚመለከተውን ድርሰቱን በ1798 ያሳተመው ስሙን ሳይገልጽ ነበር። ክርክሩ በሁለት የቁጥር ተርታዎች ይጠቃለላል። ሕዝብ፣ የሚገታው ነገር ካጣ፣ በየ25 ዓመቱ በእጥፍ እየበዛ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይሄዳል፤ ምግብ ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ በመደመር ብቻ ያድጋል። እጥፍ የሚለውን ስሌት የወሰደው ሰፊ መሬት ከነበራቸው የሰሜን አሜሪካ ሰፋሪዎች ነው። በሁለቱ ተርታዎች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚዘጉት ረሃብ፣ በሽታ፣ ጦርነት፣ ወይም ጋብቻን ማዘግየት ናቸው አለ።

በ1803 በወጣው ሁለተኛ እትም ውስጥ ተፈጥሮን እንደ ግብዣ ጠሪ የሚመስል አንድ አንቀጽ ነበር። ሐሳቡም ገበታው ሞልቷልና ቦታ ያልተያዘለት ድኻ የመቀመጥ መብት የለውም የሚል ነበር። ጸሐፊው ራሱ በኋለኞቹ እትሞች አንቀጹን አወጣው። ገበታው ግን ከመጽሐፉ ቢወጣም ከሰው አእምሮ አልወጣም። መምህራችን የሣለልን ዳቦ የዚያ ገበታ የልጅ ልጅ ነው።

ማልተስ ከደራሲነቱ ይልቅ በመምህርነቱ የሚታወሰው ጥቂት ነው። በ1805 የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለሕንድ አስተዳዳሪነት የሚያዘጋጃቸውን ወጣቶች በሚያሠለጥንበት ኮሌጅ የታሪክና የፖለቲካዊ ኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ኮሌጁ በኋላ ወደ ሄይሊበሪ ተዛወረ። እሱም በ1834 እስኪሞት ድረስ እዚያው አስተማረ። ተማሪዎቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽና መጨረሻ ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ውስን ሀብት ለወጣቶች የተሰጠው ከመጀመሪያዎቹ መደበኛ ትምህርቶች አንዱ የተሰጠው ለድኾች ልጆች ሳይሆን ድኾችን ሊያስተዳድሩ ለተመረጡ ልጆች ነበር።

ለማልተስ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የድኾች ልጆች በመንግሥት ወጪ እንዲማሩ የተከራከረ ሰው ነው፤ ጨካኝም አልነበረም። ችግሩ ያለው መምህሩ በጥንቃቄ የተናገረውን ተማሪው በምን መልክ ይዞ እንደሚወጣ ላይ ነው።

ከክፍል ወደ ቢሮ

ከሄይሊበሪ ተማሪዎች አንዱ ቻርልስ ትሬቬልያን ይባላል። በ1840 የብሪታንያ ግምጃ ቤት ረዳት ጸሐፊ ሆነ። በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድን በመታ ጊዜ የእርዳታው ገንዘብ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነበር። በ1841 ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ 8.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1851 ቆጠራ 6.5 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። በነዚያ ዓመታት እህልና ከብት ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልተቋረጠም። ትሬቬልያን በ1848 ባወጣው ጽሑፉ ረሃቡን የአገሪቱን ሥር የሰደደ ማኅበራዊ ሕመም የሚፈውስ የፈጣሪ ሥራ አድርጎ አቀረበው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ጥንቃቄ ያሻዋል። ድንቹን የገደለው በሽታ እንጂ የማልተስ ንግግር አይደለም። ትሬቬልያንም በነጻ ገበያ እምነትና በሃይማኖታዊ አመለካከት ጭምር የተቀረጸ ሰው ነበር። አንድ የክፍል ትምህርት ብቻውን ሚሊዮን ሰው ገደለ ማለት ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ ሰው በረሃብ ሲሞት አይቶ «ይህ የቁጥር ሕግ ነው» ብሎ የሚያስብ ባለሥልጣን እህል የጫነውን መርከብ ለማስቆም አይቸኩልም። ትምህርቱ ያደረገው ይህንን ነው፤ ውሳኔ የነበረውን ነገር ዕጣ ፈንታ አስመሰለው።

ተመሳሳዩ በሕንድ ተደገመ። በ1876–78 በደረሰው ረሃብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። እንደራሴው ሎርድ ሊተን በ1877 የሕንድ ሕዝብ ከመሬቱ ምርት ፈጥኖ የመብዛት ዝንባሌ እንዳለው ለሕግ አውጪው ምክር ቤት አስረዳ። ስንዴ ግን በዚያው ጊዜ ወደ ብሪታንያ ይላክ ነበር። ሄይሊበሪ በ1858 ተዘግቷል፤ ትምህርቱ ግን ከሕንጻው በላይ ዕድሜ ነበረው።

የፍርሃት ዘመን

የዓለም ሕዝብ አንድ ቢሊዮን የሞላው በ1804 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ሁለተኛው ቢሊዮን በ1927፣ ሦስተኛው በ1960፣ አራተኛው በ1974 ተጨመረ። ሦስተኛው 33 ዓመት የፈጀ ሲሆን አራተኛው 14 ዓመት ብቻ በቂው ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታዊው ዕድገት ከ2 በመቶ በላይ ደረሰ፤ በዚህ ፍጥነት ሕዝብ በ35 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የዚያ ትውልድ ፍርሃት ከሜዳ የተነሣ እንዳልነበረ መታወቅ አለበት።

ነገር ግን የዕድገቱ ምክንያት ምን ነበር? ሰዎች ከቀድሞው የበለጠ መውለድ ስለጀመሩ አይደለም። ክትባት፣ ንጹሕ ውኃ፣ የወባ ቁጥጥርና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች የሕፃናትን ሞት ስለቀነሱ ነው። በሰሌዳው ላይ ቁራሽ ፍለጋ የተሰለፉት ልጆች፣ በአያቶቻቸው ዘመን ቢወለዱ ኖሮ ከመካከላቸው ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይቀበሩ ነበር። ታላቁ የሕዝብ ዕድገት በመጀመሪያ የሞት ሽንፈት ታሪክ ነው። መምህራችን ይህን አልነገረንም።

በ1967 ፓዶክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ባሳተሙት መጽሐፍ ሕንድንና ግብፅን ሊድኑ የማይችሉ፣ የምግብ እርዳታ ሊባክንባቸው የማይገባ አገሮች አድርገው መደቧቸው። በ1968 ባዮሎጂስቱ ፖል ኤርሊክ በ1970ዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረሃብ እንደሚያልቁ የሚተነብይ መጽሐፍ አወጣ። ትንቢቱ በዚያ መጠን አልተፈጸመም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ሲያድግ የዓለም የእህል ምርት ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል። ሆኖም ትንቢቱ ቢከሽፍም በስሙ የተወሰዱት እርምጃዎች እውነተኛ ነበሩ።

በሕንድ ከ1975 እስከ 1977 በቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን፣ በ1976–77 የበጀት ዓመት ብቻ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዲመክኑ ተደርጓል፤ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ለእኛ ለመምህራን የሚከብደው ዝርዝር የሚከተለው ነው። በብዙ ቦታዎች የትምህርት ቤት መምህራን ለማምከን የሚያቀርቡት ሰው ቁጥር ኮታ ተመድቦባቸው ነበር። ኮታውን ያልሞላ ደመወዙ ይያዝበት ነበር። ጠዋት ስለ ሕዝብ ብዛት የሚያስተምረው መምህር፣ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹን አባቶች አሳዳጅ ሆነ። መንግሥቱ በ1977 ምርጫ ወደቀ፤ ቤተሰብ ምጣኔ የሚለው ቃልም በሕንድ ለብዙ ዓመታት ተጠላ።

የሚገርመው፣ የዚያ ፖሊሲ ባለቤት የነበሩት የጤና ሚኒስትር ካራን ሲንግ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1974 በቡካሬስት በተደረገው የዓለም የሕዝብ ጉባኤ ላይ፣ ከሁሉ የላቀው የወሊድ መቆጣጠሪያ ልማት ነው ብለው ነበር። ሰውየው እውነቱን ያውቁት ነበር፤ ፍርሃት ግን ከእውቀታቸው በረታ።

የቻይናንም መዘንጋት አይቻልም። በ1980 የተጀመረው የአንድ ልጅ ፖሊሲ እስከ 2015 ዘልቋል። ነገር ግን አንዲት ቻይናዊት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ቁጥር ቀድሞውኑ በ1970ዎቹ ውስጥ ከ6 ገደማ ወደ 3 በታች ወርዶ ነበር። በሌላ በኩል የሕንዷ ኬረላ ግዛት፣ ሴት ልጆችን በማስተማርና ጤና ጣቢያን በየመንደሩ በማዳረስ፣ ያለ አስገዳጅ ሕግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2 ደረሰች። ከዚህ ሁሉ ልምድ በኋላ ነው 179 አገሮች በ1994 በካይሮ ተሰብስበው ከኮታ ይልቅ የሴቶችን ትምህርት፣ ጤናና መብት የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ መሠረት ያደረጉት።

ውስንነቱ የት ላይ ነው?

እስካሁን ያልሁትን ሰምቶ «እንግዲያውስ ሀብት ወሰን የለውም» ብሎ የሚወጣ ተማሪ ካለ፣ አጥፍቻለሁ ማለት ነው።

በ1980 ኤርሊክና ኢኮኖሚስቱ ጁሊያን ሳይመን በአምስት ማዕድናት ዋጋ ላይ ተወራረዱ። ኤርሊክ በዐሥር ዓመት ውስጥ ይወደዳሉ አለ፤ ሳይመን ይረክሳሉ አለ። በ1990 ኤርሊክ 576 ዶላር ከፈለ። ይህ ታሪክ የሰው ልጅ ብልሃት ወሰን እንደሌለው ማስረጃ ተደርጎ በየክፍሉ ይነገራል። ሆኖም በኋላ ስሌቱን የመረመሩ ሰዎች እንዳሳዩት፣ ውርርዱ በሌሎች ብዙ የዐሥር ዓመታት ተርታዎች ላይ ቢደረግ ኖሮ ያሸንፍ የነበረው ኤርሊክ ነው። ደግሞስ መዳብ ቢጠፋ በሌላ ብረት ይተካል፤ ውኃና ዓሣ ግን በምን ይተካሉ?

በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ባሕር ለአምስት መቶ ዓመት የተጠመደው የኮድ ዓሣ በ1968 ብቻ 800,000 ቶን ያህል ተያዘ። በ1992 ክምችቱ በመመናመኑ መንግሥት ማጥመዱን ለሁለት ዓመት አገደ። እገዳው የተነሣው ግን በ2024 ነው። ያን ባሕር ያራቆተው የልጆች ብዛት አልነበረም፤ ሌት ተቀን የሚያጠምዱ ግዙፍ መርከቦችና የዓሣውን ብዛት አጋንኖ የገመተ አስተዳደር ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሐረማያን ሐይቅ እናገኛለን። ለሐረር ከተማ ውኃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በዙሪያው ያሉት ማሳዎች በሞተር እየሳቡት፣ ከተሞቹ እየጠጡት፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል እየሞላው ነው የጠፋው። እዚህ የሰው ቁጥር ድርሻ አለው፤ ሆኖም ብቻውን አይደለም። የጫት ገበያው፣ ማንም የማይቆጣጠረው ፓምፕና የደን መመንጠሩ አብረውት ቆመዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው በከፊል ተመልሷል። አንድ ልጅ ይህን ሐይቅ ቢያጠና፣ ሀብት መወሰኑን ብቻ ሳይሆን የሚወስነው ምን እንደሆነም ይማራል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ደግሞ ኮንሶ ታስተምረናለች። ዴንማርካዊቷ ኢኮኖሚስት ኤስተር ቦሰሩፕ በ1965 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሕዝብ ሲበዛ ገበሬው መሬቱን ይበልጥ ተንከባክቦ ይበልጥ እንዲያመርት ይገደዳል ስትል ማልተስን ገልብጣ አነበበችው። የኮንሶ ሕዝብ ይህን ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ ጽፎታል። በሃያ አንድ ትውልድ የተሠራው እርከን አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ አምስት ሜትር ይረዝማል። ዩኔስኮም በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የደቡቡ የእንሰት ምድርም በጠባብ ማሳ ላይ ብዙ ሕዝብ ሲያኖር ኖሯል። ነገር ግን እርከን ጉልበትን፣ ጊዜንና የጋራ ሕግን ይጠይቃል፤ በአንድ ትውልድ እጥፍ ለሚሆን ሕዝብ በአንድ ትውልድ አይገነባም። የቦሰሩፕ ትምህርት የሚሠራው ጊዜ ሲኖር ነው፤ የማልተስ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው ጊዜ ሲያጥር ነው።

የእኛ ጉዳይ

የኢትዮጵያን ረሃብ ከሕዝብ ብዛት ጋር ብቻ ማያያዝ ቀላል ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት የ1972–74ቱን የወሎ ረሃብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እህልም ከወሎ ወደ ሌላ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ወሎዬው የተራበው የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1980ዎቹ ባሳተሙት ጥናት የገበሬውን ለረሃብ ተጋላጭነት ያያያዙት ከድርቅ ይልቅ ከአኗኗሩና ከጫኑት ኃይሎች ጋር ነው። በ1984 ቆጠራ 42 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝባችን ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ሆኖም 10 ሚሊዮን ሰዎችን ለእርዳታ የዳረገው የ2015–16 ድርቅ እንደ 1984ቱ ያለ እልቂት አላስከተለም። በ2021 ደግሞ በትግራይ ከ350,000 በላይ ሰዎች በከፋው የረሃብ ደረጃ ላይ መሆናቸው የተገለጸው በጦርነት ምክንያት ነበር።

ይህ ማለት ቁጥሩ ለእኛ አያሳስብም ማለት አይደለም። ከአባቱ አንድ ሄክታር የማይሞላ ማሳ ከአራት ወንድሞቹ ጋር የሚካፈል ወጣት መከፋፈል ምን እንደሆነ ከማንም ንድፈ ሐሳብ በፊት ያውቀዋል።

አገራችን ራሷ ረጅም መንገድ ሄዳለች። በ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ሥራውን ጀመረ። በ1993 የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፣ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ልጅ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቀደ። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 4.6 መድረሱን አሳየ። ከ2000 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ዘመናዊም ሆነ ባህላዊ የመከላከያ ዘዴ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ አደጉ። በዚያው ጊዜ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ከአንድ ሺህ 166 የነበሩት 67 ሆኑ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሄዱት በአጋጣሚ አይደለም። ልጇ እንደሚያድግላት የተማመነች እናት ለመተኪያ አትወልድም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን ወደ ቀበሌ ሲልክ፣ ይህን እምነት ነው በየደጁ ያዳረሰው። በዚያው የ2016 ጥናት ትምህርት ቤት ያልገባች ሴት በአማካይ ከ5 በላይ ልጆች ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው ወደ 2 ትወልዳለች። አንዲትን ልጅ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማቆየት፣ በሰሌዳ ላይ ከሚሣል የትኛውም ዳቦ የበለጠ የሥነ ሕዝብ ትምህርት ነው።

ታዲያ ምን እናስተምር?

አንደኛ፣ ስሌቱን በሙሉ እናስተምር። ሁለት በመቶ ዕድገት በ35 ዓመት፣ አንድ በመቶ በ70 ዓመት እጥፍ እንደሚያደርግ ተማሪው ራሱ ያስላ። የዓለም ሕዝብ በኅዳር 2022 8 ቢሊዮን ቢደርስም የዕድገቱ ፍጥነት ከ1 በመቶ በታች መውረዱን፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምትም በ2080ዎቹ 10.3 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ መቀነስ እንደሚጀምር ይወቅ። የወሊድ መጠን ቢወርድም ሕዝብ ወዲያው መጨመሩን እንደማያቆም ያስተውል፤ ወላጅ የሚሆኑት ወጣቶች አስቀድመው ተወልደዋልና። ጭነት የያዘ መኪና ፍሬን ስለተያዘ ባለበት አይቆምም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሀብት ስንናገር ሀብቱን በስሙ እንጥራ። «የዓለም ሀብት» የሚባል አንድ ዳቦ የለም። አፈር አለ፣ የከርሰ ምድር ውኃ አለ፣ ደን አለ፣ ዓሣ አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ተጠቃሚና የራሱ አስተዳደር አለው። ተማሪው በአካባቢው ያለውን ምንጭ ወይም ጅረት ይዞ፣ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ይመርምር።

ሦስተኛ፣ በክፍል ውስጥ ያለን ልጅ የችግሩ ምሳሌ አናድርገው። ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእውነት ጉዳይ ነው። እዚያ የተቀመጠው ልጅ የተቆጠረ አፍ ብቻ አይደለም። ነገ እርከን የሚሠራው፣ ውኃውን የሚያስተዳድረው፣ ስንት ልጅ እንደሚወልድ ከሚስቱ ጋር ተመካክሮ የሚወስነው እሱ ነው። ትርፍ ነህ የተባለ ልጅ ይህን ኃላፊነት ለመሸከም ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ክቡራትና ክቡራን፤

መምህሬ ክፉ ሰው አልነበረም። የተሰጠውን መጽሐፍ፣ መጽሐፉም የተሰጠውን ሥዕል ነው ያስተማረን። ሥዕሉ ለብቻው ሐሰት አልነበረም፤ ዳቦ ሲቆረስ በእርግጥ ያንሳል። የጎደለው፣ ዳቦውን ማን እንደጋገረው፣ ቢላዋውን ማን እንደያዘው፣ ከእርሻው እስከ ገበታው ድረስም ምን እንደሆነ ነው። እናንተ ያንን ሰሌዳ ስትረከቡ ዳቦውን መሣላችሁ አይከፋም። ጠመኔውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የጎደለውን አሟልታችሁ ሣሉት፤ ልጆቹንም እጃችሁን አውጡ ስትሏቸው፣ ስንት ናችሁ ብላችሁ ከምትቆጥሯቸው ይልቅ ምን ትላላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው።